ሕሙማንን በፈቃድ ማገልገልና የማመልከቻው ሥርዓት

የታመመን መጠየቅ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ስለ ሆነ ማንም ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። ጎረቤቱ ታሞ ሳለ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው በሰፈሩ ይታማል፤ ወንጌልም ሕሙማንን መጠየቅ በመጨረሻው ቀን ከሚመረመሩት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ያስተምረናል። ነገር ግን ሕመምተኛው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። በቤቱ ሳለ ዘመድና ጎረቤት እንደ ፈቀደው ይገባና ይወጣ ነበር። ሆስፒታል ግን ብዙ ሕሙማን፥ ብዙ ዓይነት ሕመም፥ ብዙም ምስጢር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ቤት ስለ ሆነ በጎ ፈቃድ ብቻውን ለመግቢያ አይበቃም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ደመወዝ ሳይቀበል ሕሙማንን ለማገልገል የሚፈቅድ ሰው ምን ምን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል፥ በምንስ ሥርዓት ማመልከት እንደሚገባው ነው። ሥርዓቱም ርኅራኄን የሚያቀዘቅዝ ሳይሆን፥ ርኅራኄን ያለ ጉዳት እስከ ሕመምተኛው አልጋ የሚያደርስ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለምሳሌ የምናነሣው የእንግሊዝን አገር ሆስፒታሎች ነው፤ በዚያ አገር ይህ አገልግሎት ቢሮና ኀላፊ፥ ደንብም ተሰጥቶት ሲሠራበት የቆየ ነውና። የምንጠቅሳቸውም ዘመኖች እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የሚባለው ሥራ የተጀመረው ሰኔ 28 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን በፊት በበጎ አድራጊዎች ስጦታ የሚተዳደሩ ሆስፒታሎች ብዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሕመምተኛው በሚታከምበት ሰዓት ሳይከፍል ወጪው በአብዛኛው ከመንግሥት ግብር እንዲሸፈን ተደረገ። ሐኪሙም ነርሷም ደመወዛቸውን ከመንግሥት የሚቀበሉ ከሆነ እንግዲህ በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። መልሱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። ደመወዝ የሚከፈላት ነርስ መድኃኒት ለመስጠት፥ ቁስል ለማጠብ፥ የደምን ግፊት ለመለካት ትሮጣለች እንጂ ልጆቹ በሩቅ አገር ከሚኖሩበት ሽማግሌ አጠገብ አንድ ሰዓት ተቀምጣ ለመጫወት ጊዜ አታገኝም። ሽማግሌው ደግሞ ከመድኃኒቱ ሌላ ይህችን አንዲት ሰዓት ይፈልጋል። በፈቃዱ የሚያገለግለው ሰው የሚሰጠው ይህችን ሰዓት ነው። ስለዚህም የደመወዝተኛውን ቦታ እንዳይወስድ፥ የጎደለውም ሠራተኛ ምትክ እንዳይደረግ ተብሎ የሚሠራበት ደንብ ነው።

ሥራዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያ በሆስፒታሉ በር የሚቆሙ አሉ። ትልቅ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ ለገባበት ሰው እንደ እንግዳ ከተማ ነው። የቀጠሮ ወረቀቱን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ የሚንከራተተውን ሰው ተቀብለው መንገድ የሚያሳዩት፥ መሄድ ለተሳነውም ተሽከርካሪ ወንበር እንዲመጣለት የሚያስጠሩት እነዚህ ናቸው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው በፍርሃት ወደ ሆስፒታል በገባ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያየው ፊት የእነርሱ ፊት ስለ ሆነ እንደ ቀላል የሚናቅ አይደለም።

ሁለተኛ በሕመምተኞች ክፍል ውስጥ የሚያገለግሉ አሉ። እነዚህ ነርሷን አስፈቅደው የውሃውን ማሰሮ ይሞላሉ፥ ጋዜጣና መጽሐፍ በትንሽ ጋሪ እየገፉ ያዞራሉ፥ መነጽሩ የወደቀበትን ያነሡለታል፥ መጫወት ለሚወድ ያጫውቱታል፥ ዝምታን ለሚወድም ዝም ብለው ይቀመጡለታል። በእርጅና ወይም በሕመም ጽናት አእምሮው ለሚናወጥበት ሰው በስሙ እየጠራ ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነ፥ ያለውም ወዴት እንደ ሆነ በዝግታ የሚነግረው ሰው ሲያገኝ ድንጋጤው ይቀንስለታል።

ሦስተኛ በምግብ ሰዓት የሚመጡ አሉ። ሕመምተኛ ምግቡ ከፊቱ ቀርቦለት ሳለ እጁ እየተንቀጠቀጠ የዕቃውን ክዳን መክፈት ስለሚያቅተው ብቻ ሳይበላ ሊቀር ይችላል። ሠራተኛው ተመልሶ ሲመጣ ሳይነካ የቀረውን ምግብ አይቶ የምግብ ፍላጎት የለውም ብሎ ያነሣበታል። ይህንን ለመከላከል በአያሌ ሆስፒታሎች ርዳታ ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ ምግቡ በቀይ ትሪ እንዲቀርብ ተደርጓል። በፈቃዱ የሚያገለግለው ሰው ቀዩን ትሪ ባየ ጊዜ ተጠግቶ ክዳኑን ይከፍታል፥ ሥጋውን ይቈርጣል፥ አይዞህ እያለ ያበላዋል። ሆኖም ለመዋጥ የሚቸገረውን ሰው ለማብላት የሚፈቀድለት ለዚሁ የተለየ ትምህርት የተማረ ብቻ ነው። ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚገድልበት ጊዜ አለና።

አራተኛ ከሆስፒታሉ ካህን ጋር የሚሠሩ አሉ። በዚያ አገር ሆስፒታሎች መንፈሳዊ አገልግሎት የሚሰጡ ካህናትና የሌሎች ሃይማኖቶች አገልጋዮች ይመደባሉ። በእነርሱ ሥር ሆነው ሕሙማንን የሚጎበኙ ምእመናን ወደ አልጋው የሚጠጉት ሕመምተኛው ሲፈቅድ ነው። ሳይጠየቁ አይሰብኩም፤ ሰውን ከሃይማኖቱ ወደ ሃይማኖታቸው ለመሳብ የሕመሙን ድካም ምክንያት አያደርጉም። ከዚህም በቀር የሕመምተኞችን ክፍል ለማየት ልባቸው የማይችል ሰዎች በቢሮ ወረቀት ያዘጋጃሉ፥ የግቢውን አትክልት ይንከባከባሉ፥ ወይም ሕመምተኛውን በመኪናቸው ወደ ቀጠሮው ያደርሳሉ። እንግዲህ አንዱ ባይሆንለት ሌላው ሥራ ስላለው፥ ለዚህ አልፈጠርሁም ብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ አይኖርም።

የሚሠራው እንደ ተቈጠረ የማይሠራውም እንዲሁ ተቈጥሯል። በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው መድኃኒት አይሰጥም፤ ሕመምተኛውን ከአልጋ አያነሣም፤ የሕክምናውን መዝገብ አያነብም፤ ስለ ሕመሙም ምክር አይሰጥም። ውሃ እንኳ ቢሆን ነርሷን ሳይጠይቅ አያጠጣም። በለንደን የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በሆስፒታል ቢያገለግል፥ እንግሊዝኛ የማያውቀውን የአገሩን ልጅ በቋንቋው ሰላም ብሎት ሊያጽናናው ይችላል። ሐኪሙ ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው የሚናገረውን ለመተርጐም ግን ለዚሁ የሠለጠነ አስተርጓሚ እንዲጠራ የታዘዘ ነው። አንዲት ቃል በስሕተት ብትተረጐም ሕይወትን ልታጠፋ ትችላለችና። በዚህ ሥራ ላይ፥ «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው የአባቶች ተረት በእውነት ይፈጸማል።

አሁን ወደ ማመልከቻው ሥርዓት እንለፍ። በመጀመሪያ ማገልገል የሚፈልገው ሰው ለቤቱ የሚቀርበውን ሆስፒታል ይመርጣል። በየሆስፒታሉ የበጎ ፈቃድ አገልጋዮችን የሚያስተዳድር ቢሮ ስላለ፥ በሆስፒታሉ የኢንተርኔት ገጽ ወይም በስልክ የትኛው ሥራ ሰው እንደሚፈለግበት ይጠይቃል። ቀጥሎ ቅጹን ይሞላል፤ በቅጹም ላይ ስሙንና አድራሻውን፥ የሚፈልገውን ሥራ፥ በሳምንት ውስጥ ያለውን ነፃ ጊዜ፥ ለምን ማገልገል እንደ ፈለገም ይጽፋል። አንዳንዱ ሆስፒታል ከ16 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፤ ሌላው 18 ዓመት ያልሞላውን አይቀበልም። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው በሳምንት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፥ በታወቀ ቀን፥ ቢያንስ ለ6 ወር ለማገልገል ቃል መግባት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቀን ታይቶ የሚጠፋን ሰው ለማስተማር የሚወጣው ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ሐሙስ ይመጣል ብሎ የሚጠብቀው ሕመምተኛም ሐሙስ ባጣው ጊዜ ያዝናል።

ከዚህ በኋላ ጠባዩን የሚያውቁ ዘመዶቹ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች እንዲመሰክሩለት ይደረጋል። ቀጥሎም ወደ ቢሮው ተጠርቶ ፊት ለፊት ይነጋገራል። እንደ ሥራው ዓይነት የወንጀል መዝገቡ ይመረመራል፤ መንግሥት ለዚህ ምርመራ ከበጎ ፈቃደኛ ዋጋ አይጠይቅም። ተላላፊ በሽታ ወደ ሕሙማን እንዳያመጣ፥ እርሱም እንዳይያዝ፥ ስለ ጤናውና ስለ ተከተባቸው ክትባቶች ይጠየቃል። በመጨረሻም እጅ ስለ መታጠብ፥ እሳት ቢነሣ ስለሚደረገው፥ ሕፃናትንና ደካሞችን ስለ መጠበቅ፥ ምስጢርንም ስለ መሰወር ይማራል። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ስሙ የተጻፈበት መታወቂያ ተሰጥቶት ሥራውን ይጀምራል። ደመወዝ የለውም፤ ሆኖም ለመጓጓዣ ያወጣውን ገንዘብ ደረሰኝ ሲያቀርብ የሚተኩለት ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው። ማመልከቻው ከገባበት ቀን እስከ ሥራው መጀመሪያ ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ስለሚያልፉ አመልካቹ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ፥ በነፃ ላገልግል ለሚል ሰው ይህ ሁሉ ምርመራ አይበዛበትምን የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የዚህ መልስ ከዚያው ከእንግሊዝ አገር ታሪክ ይገኛል። ጂሚ ሳቪል የሚባል በራዲዮና በቴሌቪዥን ስሙ የገነነ ሰው ነበረ። ለሆስፒታሎች ብዙ ገንዘብ ስላሰባሰበና በፈቃዱ ሕመምተኛ በማመላለስ ሥራ ስላገለገለ በሊድስና በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታሎች እንደ ልቡ እንዲገባና እንዲወጣ ተፈቅዶለት ነበር። በ2004 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ግን በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሕሙማንን፥ ሕፃናትንም ጭምር ሲያስነውር መኖሩ ታወቀ። በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. የወጡት የምርመራ መግለጫዎች ዝናው እንደ ጋሻ ሆኖ እንደ ሸፈነው፥ የተናገሩትንም ሰዎች ሰሚ እንዳሳጣቸው አስረዱ። ከዚህም የተነሣ የበጎ ፈቃደኞች አቀባበልና ቁጥጥር እንዲጠብቅ ምክር ተሰጠ። ክፉ ሰው የሕሙማን ቤት ደጅ የሚከፈትለት በደግነት ስም ሲመጣ ነው። እውነተኛው ደግ ሰው ግን ስለ ሕሙማኑ ሲል መመርመሩን አይጠላም። ስለዚህ ደንቡ ለታላቅም ለታናሽም አንድ መሆን ይገባዋል፤ ለሹመት፥ ለሀብት ወይም ለክህነት ሲባል የሚታለፍ ከሆነ ደንብ አይባልም።

ሥርዓት የሌለው በጎ ፈቃድ ክፉ ባይሠራም እንኳ ሊባክን ይችላል። የኮሮና በሽታ በተነሣ ጊዜ፥ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የጤናውን ሥራ የሚረዱ 250 ሺህ ሰዎች እንዲመዘገቡ ጥሪ አደረገ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የተመዘገበው ሰው ከ750 ሺህ በላይ ሆነ። ይህ ለአንድ ሕዝብ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ስልካቸውን እየተመለከቱ ሥራ ሳይታዘዙ ለሳምንታት ቈዩ። የሚያገለግለው ሰው ሲበዛ፥ ሥራውን ከሰው ጋር የሚያገናኘው ቢሮ ደግሞ ገና ሲደራጅ፥ እንዲህ ያለው ነገር ይደርሳል።

ደረጃን ሳይመለከቱ በሥርዓት ስለ መግባት ስንናገር የአገራችንን ልጅ ልዕልት ፀሐይን ማስታወስ ይገባናል። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ከአባታቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ከተሰደዱ በኋላ፥ በለንደን በታወቀው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነትን ሥራ ተማሩ። የእርሳቸው መንገድ የሙያ ትምህርት መንገድ ስለ ነበረ እዚህ ከምንናገረው የጥቂት ሰዓት አገልግሎት ይለያል። ነገር ግን የንጉሥ ልጅ መሆን ነርስ እንደማያደርግ፥ ነርስ የሚያደርገው ትምህርቱ መሆኑን በሥራቸው አሳይተዋል። በ1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመዘገቡ፤ አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላም ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው በነቀምት ዐረፉ። በአዲስ አበባም በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራላቸው።

ወደ አገራችን ሆስፒታሎች ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በእንግሊዝ አገር በጎ ፈቃደኛው የሚሠራውን፥ ከዚያም የሚበልጠውን፥ በእኛ ዘንድ የሚሠራው አስታማሚው ነው። ምግብ ከቤት የሚያመጣ፥ የመድኃኒቱን ወረቀት ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት የሚሮጥ፥ ውጤቱን ከላቦራቶሪ የሚያመጣ፥ ሌሊቱንም ከአልጋው አጠገብ የሚያድር፥ እናት፥ ወንድም ወይም ልጅ ነው። ይህ የዘመድ ፍቅር የምንኮራበት ሀብታችን ነው። ነገር ግን ከሩቅ ክልል በሪፈር ተልኮ ብቻውን የመጣው ሰው፥ ልጆቿ የሞቱባት አሮጊት፥ በመንገድ ላይ አደጋ ደርሶበት ስሙን እንኳ መናገር ያልቻለው መንገደኛ አስታማሚ ከወዴት ያገኛሉ? ሥራው ሁሉ በአስታማሚ እጅ በሆነበት ቤት አስታማሚ የሌለው ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ እንደ ተጣለ ይቈጠራል። አጠገቡ ያለው የሌላ ሕመምተኛ አስታማሚ አዝኖ ቢያጐርሰው ይበላል፤ ባያጐርሰው ይራባል። እንግዲህ በፈቃዱ ለሚያገለግል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ቦታ በዚህ ሰው አልጋ አጠገብ ነው።

ለዚህም እያንዳንዱ በየወገኑ የሚያደርገው አለ። ሆስፒታል የሚያስተዳድሩት ሹማምንት ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ መዝገብና አንድ ኀላፊ ቢመድቡ ሥራው ይጀመራል። ኀላፊውም በየጠዋቱ አስታማሚ የሌላቸውን ሕሙማን ከየክፍሉ ነርሶች ጠይቆ ይመዘግባል፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን ሥራ በአንድ ገጽ ጽፎ ለእያንዳንዱ አመልካች ይሰጣል፤ የዋስ ምስክር ይጠይቃል፤ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ምስጢር አስተምሮም መታወቂያ ያድላል። ነገር ግን በጎ ፈቃደኛ ተገኘ ተብሎ የነርስ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ እንዳይቀነስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ከሆነ ለሕመምተኛው የተጨመረ ነገር የለም፤ የደመወዝተኛው እንጀራ ተወሰደ እንጂ።

ካህናቱም በዐውደ ምሕረት ይህን ነገር ቢያስተምሩ ከማንም የበለጠ ይሰማሉ። ምስጢርን ስለ መጠበቅ ለእነርሱ መንገር አያስፈልግም፤ የንስሐ አባት የሰማውን እንደማያወጣ ሁሉ፥ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የተሰማውም እንዲሁ እንዳይወጣ ለምእመናን ቢያስረዱ በቀላሉ ይገባቸዋል። ራሳቸው ሕሙማንን ሲጎበኙ ደግሞ አንድ ነገር እንዲያስቡልን በትሕትና እናሳስባለን። ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ ሕመምተኛ ምንም እንዳይቀምስ ይታዘዛል። ስለዚህ ጠበል ከማጠጣት በፊት ነርሷን መጠየቅ ይገባል፤ ነርሷ ቈይ ብትል ሃይማኖትን መናቋ አይደለም፤ በማደንዘዣው ጊዜ በሆድ ያለው ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ መፍራቷ ነው። ዕድሮቻችንም ለሞተው ድንኳን እንደሚተክሉ ሁሉ፥ በሕይወት ሳለ አስታማሚ ላጣው ተራ ገብተው የሚያገለግሉ ሰዎችን ቢመድቡ፥ የተደራጀ ማኅበር አስቀድሞ ስላላቸው አዲስ ነገር መመሥረት አያስፈልጋቸውም።

ለማገልገል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ማመልከቻውን አሳጥሮ ይጻፍ። ስሙንና የሚኖርበትን ሰፈር፥ ሥራውን፥ የሚያውቃቸውን ቋንቋዎች፥ በሳምንት የትኛውን ቀንና ስንት ሰዓት ሊሰጥ እንደሚችል፥ ጠባዩን የሚመሰክሩለት ሁለት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ይግለጽ። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፥ ትግርኛም ሆነ ሌላ የአገራችንን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳይጽፍ አይለፍ፤ ከሩቅ የመጣው ሕመምተኛ በቋንቋው ሰላም የሚለውን ሰው እንደ ዘመድ ይቈጥረዋልና። የማይፈጽመውንም ተስፋ አይስጥ። በየቀኑ እመጣለሁ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ከሚቀር፥ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብሎ ዓመቱን በሙሉ የሚመጣ ይሻላል። ማመልከቻውን ለሆስፒታሉ አስተዳደር አስገብቶ መልሱን ይጠብቅ፤ መልሱም ቢዘገይ ትሑት ሆኖ ተመልሶ ይጠይቅ እንጂ በዘበኛው ትውውቅ ወደ ውስጥ አይግባ።

ሰው ለሰው ማዘኑ በልባችን አስቀድሞ ያለ ነገር ነው፤ የቀረን በመዝገብ ተጽፎ፥ ሰዓት ተወስኖለት፥ ኀላፊ ተሹሞለት እንዲሠራ ማድረግ ነው። ይህ በሆነ ጊዜ ከሩቅ መጥቶ ብቻውን የተኛው ሰው ነርሷ አስታማሚህ ማነው ብላ ስትጠይቀው አንገቱን አይደፋም፤ በየሳምንቱ የሚመጣለትን ሰው ስም ይጠራል እንጂ።